የሸደር ጅግራና የበልግ አደን

የጉ፣ ማለትም የበልጉ፣ ዝናብ በሶማሌ ክልል በጅግጅጋ አካባቢ ያለችውን የሸደር ከተማና ዙሪያዋን ሲያረሰርስ ምድሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ልብሱን ይለውጣል። ደረቁን ወቅት፣ ጅላሉን፣ ሙሉ አመድ መስሎ የከረመው ሜዳ አረንጓዴ ያበቅላል፤ ቢርካ የሚባሉት የውኃ ማጠራቀሚያ ጉድጓዶች ውኃ ይይዛሉ፤ ሩቅ ግጦሽ ሄዶ የነበረው ግመል ወደ መንደር ዳር ይመለሳል። በዚህ ወቅት ጎህ ሳይቀድ ከከተማዋ ወጥቶ ወደ ግራሮቹ የተጠጋ ሰው ዘይት የናፈቀው የብረት በር ሲከፈትና ሲዘጋ የሚያሰማውን የመሰለ ሻካራ ጩኸት ይሰማል። ጩኸቱ ከአንዱ ዛፍ ይነሣል፣ ከማዶ ያለው ዛፍ ይቀበለዋል፣ ትንሽ ጋብ ብሎ እንደገና ያገረሻል። ብርሃኑ እየጠራ ሲመጣ ቅርንጫፉ ላይ ተኮልኩለው ያደሩት ወፎች ይታያሉ። አንዷ አንገቷን አስግጋ ግራ ቀኙን ትቃኛለች፤ ከዚያ ክንፏን አርገፍግፋ መሬት ላይ ዱብ ትላለች። ሌሎቹም ይከተሏታል። መሬት ከረገጡ በኋላ መብረር የለም፤ አንገታቸውን ቀልሰው፣ ተከታትለው ይሮጣሉ።

ሶማሌው ዲጊራን ይላታል፣ አማርኛ ተናጋሪው ጅግራ። የአካባቢው እረኛ ልጆች መንጋው የትኛው ዛፍ ላይ እንዳደረ ከድምፁ ያውቃሉ። ቀን ላይ ደግሞ በድንገት ከተንጫጨች ቀበሮ ወይም ንስር መምጣቱን ተረድተው ግልገሎቻቸውን ይሰበስባሉ። ያው እውቀት ግን ወንጭፍ ለያዘው ልጅና ጠመንጃ ላነገበው ጎልማሳም ያገለግላል። ወፏ በዝናብ ጊዜ አብዝታ ትጮኻለች፣ ጥንድ ጥንድ ሆና ትወጣለች፣ ከለመደችው ቦታ አትርቅም። ለአዳኝ ከዚህ የተመቸ ወቅት የለም። ለጅግራ ደግሞ ከዚህ የከፋ ወቅት የለም።

ጅግራ ከሰሐራ በስተ ደቡብ ባለው አፍሪካ በሰፊው የምትገኝ የምድር ወፍ ናት። ክብደቷ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ግራጫ ላባዋ ላይ ነጭ ነጠብጣብ እንደ ተዘራበት ሆኖ ይታያል፤ ጭንቅላቷ ላባ የለውም፣ ሰማያዊና ቀይ ቆዳው ተገልጦ ይታያል፤ አናቷ ላይ የአጥንት ጉብታ ተተክሏል። በምሥራቅ ኢትዮጵያና በሶማሊያ የሚገኘው ዘር ከሌሎቹ የሚለየው ከመንቆሩ ሥር በበቀሉ ሸካራ ክሮች ነው። የሥነ ወፍ ሊቃውንት ለዚህ ዘር በሶማሌ ስም የተሰየመ የተለየ መጠሪያ ሰጥተውታል። እንግዲህ ሸደር ላይ የምትሮጠዋ ጅግራ ለዚህ የአፍሪካ ቀንድ ብቻ የተሰጠች ናት።

የምትበላው የሣር ፍሬ፣ ሥራሥር፣ ምስጥና ፌንጣ ነው። መዥገርም ትለቅማለች፤ ለአርብቶ አደሩ ይህ ትንሽ ውለታ አይደለም። ውኃ ግን ያስፈልጋታል። በጅላል፣ ማለትም ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ደረቅ ወቅት፣ መንጋው ተጠጋግቶ ይኖራል፤ ሃያም ሠላሳም ሆኖ በሰልፍ ወደ ቢርካ ይወርዳል። ማታ ማታ ደግሞ ከአውሬ ለመሸሸግ ረጅም ግራር ላይ ይወጣል። ረጅም ግራር የሌለበት ምድር ለጅግራ ቤት አይሆንም። ወደዚህ ነጥብ ኋላ ላይ እመለሳለሁ።

ዝናቡ ሲመጣ ያ ትልቅ መንጋ ይበተናል። ወንዶቹ እርስ በርስ ይባረራሉ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ወንድ ከአንዲት ሴት ጋር ይጣመራል። ወንዱ እንቁላል እስክትጥል ድረስ እግር በእግር ይከተላታል፤ እሷ ጎንበስ ብላ ስትለቅም እሱ አንገቱን አቅንቶ ይጠብቃል። ሴቷ ከቁጥቋጦ ሥር ወይም ረጅም ሣር ውስጥ መሬቱን ጫር ጫር አድርጋ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ብዙውን ጊዜ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ከዚያ 26 እስከ 28 ቀን ብቻዋን ትታቀፋለች። የጎጆዋ መከላከያ አለመታየቷ ብቻ ነው። የከብት ሰኮና፣ ዝንጀሮ፣ ቀበሮ፣ እባብና ድንገተኛ ጎርፍ ሁሉም ጠላቶቿ ናቸው። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ወንዱ ተመልሶ ይመጣል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እነሱን በመጠበቅና ሌሊት ክንፉ ሥር አቅፎ በማሞቅ ይረዳል። ጫጩቶቹ በሁለትና በሦስት ሳምንታቸው መብረር ይለማመዳሉ፤ ከወላጆቻቸው ጋር ግን ወራት ይቆያሉ።

አሁን አንድ ድንጋይ በዚህ መካከል ሲያርፍ ምን እንደሚሆን እናስብ። በጅላል ከሠላሳ ወፎች አንዲቱ ብትሞት ሃያ ዘጠኙ ይቀራሉ፤ መንጋው መንጋ ሆኖ ይቀጥላል። በሚያዝያ ታቅፋ የተቀመጠችው ስትሞት ግን አሥራ ሁለቱ እንቁላል አብሮ ይሞታል። ወንዱ ሲሞት ደግሞ እናቲቱ ያለ ጠባቂ ትቀራለች፣ ጫጩቶቹም ሌሊት የሚያሞቃቸውን አንድ ክንፍ ያጣሉ። አዳኙ እጅ የምትገባው ግን ያው አንዲት ወፍ ናት።

የበልግ የወፍ አደን በዓለም ላይ ስሙ የገነነው በሰሜን አሜሪካ ነው። የሚታደነው የዱር ተርኪ ነው፤ በዶሮና በጅግራ ወገን ውስጥ የሚመደብ፣ ወንዱ ስምንትና አሥር ኪሎ የሚመዝን ትልቅ ወፍ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት አጋማሽ ባለው ጊዜ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የራሱን ጥቂት ሳምንታት ለአደን ይከፍታል። አዳኙ ቅጠል የመሰለ ልብስ ለብሶ፣ ፊቱንም ሸፍኖ፣ ፀሐይ ሳትወጣ ዛፍ ተደግፎ ይቀመጣል። በእጁ ክዳኑ ሲፋተግ የሴት ተርኪን ድምፅ የሚያወጣ ትንሽ የእንጨት ሣጥን ይይዛል፤ አንዳንዱም ላንቃው ላይ ቀጭን ላስቲክ አጣብቆ በትንፋሹ ይጣራል። በተፈጥሮ ሥርዓት ወንዱ ሲጮኽ ሴቷ ናት ወደ እሱ የምትሄደው፤ አዳኙ ግን ወንዱን ወደ ራሱ ሊያስመጣ ይሞክራል። ለዚህ ነው አደኑ ከፍተኛ ትዕግሥት የሚጠይቀው፤ ለዚህም ነው ብዙዎች ባዶ እጃቸውን የሚመለሱት። በርካታ ክፍለ ግዛቶች አደኑን እኩለ ቀን ላይ ያስቆማሉ፣ ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ በሰላም እንዲታቀፉ።

ይህ አደን ዛሬ በሥርዓት የሚካሄደው ወፏ አንድ ጊዜ ልትጠፋ ደርሳ ስለነበር ነው። አውሮፓውያን ሰፋሪዎች ጫካውን መንጥረው፣ ወፉንም ያለ ወቅትና ያለ ቁጥር ገድለው፣ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲጀምር የዱር ተርኪ ቁጥር ወደ 200,000 ገደማ ወርዶ እንደነበር ይገመታል። ከብዙ ክፍለ ግዛቶችም ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። መመለሱ ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ በእርባታ ቤት የተፈለፈሉ ተርኪዎችን ጫካ ለቀቁ፤ እናት ያላስተማረቻቸው ስለነበሩ አውሬ ጨረሳቸው። እ.ኤ.አ. በ1937 የወጣው ሕግ ከአደን ጠመንጃና ከጥይት ሽያጭ ላይ 11 በመቶ ቀረጥ ተቆርጦ ለዱር እንስሳት ጥበቃ እንዲውል አዘዘ። በ1950ዎቹ ደግሞ በባሩድ ኃይል የሚወነጨፍ ትልቅ መረብ ተሠራ፤ በዚህ መረብ የዱሩን ተርኪ በቁሙ ይዘው ወደ ጠፋበት አገር ወሰዱት። ሚዙሪ ለዓመታት ዘግታው የነበረውን የበልግ አደን እንደገና የከፈተችው በ1960 ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቁጥሩ ወደ ሰባት ሚሊዮን ተጠግቶ ነበር።

የጅግጅጋና የአካባቢዋ ተወላጆች በብዛት የሚኖሩባት ሚኔሶታ በዚህ ታሪክ ውስጥ አለች። እዚያ ተርኪ ጠፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ከሚዙሪ የመጡ 29 ወፎች በደቡብ ምሥራቅ ሚኔሶታ ተለቀቁ። ከእነዚያ የተራባው ዛሬ ከ70,000 በላይ ሆኗል። በሚኒያፖሊስ ሰፈሮች መኪና አስቁሞ አስፋልት የሚሻገረውን የተርኪ መንጋ ያየ የእኛ አገር ሰው፣ አገር ቤት ለዘመዶቹ ሲደውል ይህንንም ቢያወራ እወዳለሁ። ሃያ ዘጠኝ ወፍ፣ ሕግና ሃምሳ ዓመት። ከዚህ ሌላ ተአምር አልነበረም።

ታዲያ እነሱ በበልግ እያደኑ ወፋቸው ከበዛ እኛስ ለምን አናድንም የሚል አለ። መልሱ ያለው በወፎቹ ኑሮ ላይ ነው። የተርኪ ወንድና ሴት ከሩቅ ይለያሉ። ወንዱ እጅግ ግዙፍ ነው፤ ደረቱ ላይ ጢም የመሰለ የላባ ጭራ ይንጠለጠላል፤ ጭንቅላቱ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ይሆናል፤ ጅራቱንም ዘርግቶ ይንጎማለላል። አንዱ ወንድ ከብዙ ሴቶች ጋር ይገናኛል፤ ከዚያ በኋላ ጎጆውን አያይም፣ ጫጩቱንም አያውቅም። ስለዚህ ሕጉ ወንዱን ብቻ አድኑ ሲል አዳኙ መለየት ይችላል፤ ከተገናኙ በኋላ ጥቂት ወንዶች ቢሞቱም እናቶቹ ይታቀፋሉ፣ ጫጩቶቹም ያድጋሉ።

በጅግራ ላይ ይህ ሒሳብ ይፈርሳል። ወንድና ሴት ጅግራ በላባም በቁመትም አንድ ናቸው፤ አዋቂ ሰው እንኳ የሚለያቸው በጩኸታቸው ነው፣ በተኩስ ርቀት ሆኖ በመልክ የሚለይ የለም። ወንዱም እንደ ተርኪው አባት ትቶ የሚሄድ ሳይሆን ሚስቱን የሚጠብቅ፣ ልጆቹን የሚያቅፍ ነው። እንግዲህ በዝናብ ወራት ጅግራን የሚገድል ሰው ወይ እናት ይገድላል፣ ወይ ጠባቂ ይገድላል፤ ሦስተኛ ምርጫ የለውም። የአሜሪካው የበልግ አደን እዚያ የተሳካበት ምክንያት ራሱ እዚህ መከልከል ያለበት ምክንያት ነው።

እዚያም ቢሆን ነገሩ አልቆመም። ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ በደቡቡ ክፍል የተርኪ ቁጥር እየቀነሰ በመምጣቱ አላባማ፣ ጆርጂያና ቴነሲ የአደን መክፈቻቸውን ቀን ወደ ኋላ ገፍተውታል። ምክንያታቸው ሴቶቹ ከመጠቃታቸው በፊት ጉልበተኛው ወንድ እየተገደለ ነው የሚል ስጋት ነው። ሰባት ሚሊዮን ወፍ የነበራቸው ሰዎች ለሁለት ሳምንት ልዩነት ይከራከራሉ። እኛ ስንት ጅግራ እንዳለን ቆጥረን አናውቅም።

ጅግራን በሥርዓት የሚያድን አፍሪካዊ አገር መፈለግ ካስፈለገ ደቡብ አፍሪካ አለች። እዚያ የጅግራ አደን የሚካሄደው በደረቁ የክረምት ወራት፣ ጫጩቶቹ አድገው መንጋው ከተሰበሰበ በኋላ ነው። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በክዋዙሉ ናታል የእርሻ ምድር ጅግራ ክፉኛ ቀንሶ ነበር። ተመራማሪዎች ያገኙት ዋናው ምክንያት አዳኙ አልነበረም፤ ትልልቅ እርሻዎች የማሳ ዳር ቁጥቋጦውንና ሣሩን ጠራርገው ማጥፋታቸው ነበር። ጅግራ በጥይትም በመጥረቢያም ትጠፋለች።

በክልሉ ደቡብ፣ ወደ ኬንያና ወደ ሶማሊያ ድንበር፣ ሌላ ጅግራ አለች፤ አንገቷ ረጅም፣ ደረቷ ደማቅ ሰማያዊ፣ ራሷ የጥንብ አንሣ የመሰለ። በኬንያ እሷን የተከታተሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት፣ መንጋዎቿ ራሳቸውን የቻሉ ሆነው ከተወሰኑ ሌሎች መንጋዎች ጋር ግን የጸና ወዳጅነት እንዳላቸው አሳዩ። እንዲህ ያለ ባለ ብዙ ደረጃ ማኅበራዊ ኑሮ እስከዚያ ድረስ በወፎች ዘንድ አይታወቅም ነበር። ጎሳ፣ ንዑስ ጎሳና ባላባት ባለበት አገር ይህን መስማት የሚያስገርመው ሰው አይኖርም። የሚያሳዝነው እንዲህ ያለውን ነገር ከሩቅ የመጣ ሰው ነግሮን ማወቃችን ነው።

የጅግጅጋ ሜዳ ከዚህ በፊት አንድ ትልቅ ነገር አጥቷል። እንግሊዛዊው መኮንን ስዌይን እ.ኤ.አ. በ1893 ጅግጅጋ ሲደርስ ያየው ከውኃ ጉድጓዶች አጠገብ የቆመ በእንጨት የታጠረ ምሽግና 25 ወታደሮች ብቻ ነበር። ስለ ሶማሌ ምድር ጉዞዎቹ በ1895 ባሳተመው መጽሐፍ ግን በሐውድና በዙሪያው ባሉት ሜዳዎች በመቶዎች እየሆነ የሚሰማራ ቆርኪ የተባለ የዱር እንስሳ ገልጿል። ያ ቆርኪ ዛሬም በእሱ ስም ይጠራል። አያቶቻችን ክፉ ቀን ካሉት ዘመን ጀምሮ ግን የከብት ወረርሽኝ ፈጀው። ወረርሽኙ ያስተረፈውን ጠመንጃ ጨረሰው። ዛሬ በጅግጅጋ ሜዳ ቆርኪ የለም፤ በሶማሊያና በሶማሌላንድም ጠፍቷል። በዓለም ላይ የቀረው በኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ ለማየት የፈለገ ሰው በሻሸመኔ በኩል ወደ ሰንቀሌ መጠለያ ወይም ወደ ማዜ ፓርክ መሄድ አለበት። የፋፈን ልጅ በአያቱ አገር የነበረውን እንስሳ ለማየት ግማሽ ኢትዮጵያን ያቋርጣል።

ሁለተኛው የጥፋት ምልክትም በዚሁ ሜዳ ሣር ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 በሶማሌላንድ ውጫሌ ሜዳ የተመዘገበች አንዲት ትንሽ የሣር ወፍ በ1922 ከታየች በኋላ ለዘጠና ዓመት ያህል ደብዛዋ ጠፍቶ ነበር። የተገኘችው ጅግጅጋ አጠገብ ነው። በ2013 የወጣ የዘረመል ጥናት ይህች ወፍና በቦረና ሊበን ሜዳ የምትኖረው ለመጥፋት የተቃረበች ወፍ አንድ ዝርያ መሆናቸውን አረጋገጠ። በዓለም ላይ ያላት መኖሪያ ሁለት ሜዳ ብቻ ሲሆን ሁለቱም በኢትዮጵያ ናቸው፤ በከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ወፎችም ትመደባለች። ጅግራ ያን ያህል አልተቸገረችም። ነገር ግን ሁለቱም የሚታቀፉት በአንድ ሣር ውስጥ፣ በአንድ ወቅት ነው፤ ለጅግራዋ ሲባል የተተወ ሣር ለዚያችም ይተርፋል።

ጅግራ እስከ ዛሬ በሸደር የቆየችው ለምን እንደሆነ ማንሣት ተገቢ ነው። አርብቶ አደሩ ሶማሌ ከጥንት ጀምሮ ኑሮው ወተትና የቤት እንስሳ ሥጋ ነው። የወፍ ሥጋ ከማዕዱ ርቆ የኖረ ነገር ነበር፤ አደንም የተከበረ የግመል ባለቤት ሥራ ተደርጎ አይታይም ነበር። ጅግራን ያቆያት አንድም ሕግ ሳይወጣላት ይህ ልማድ ነው። አሁን ግን ከተሞቹ አድገዋል፤ ከጅግጅጋ እስከ ቶጎ ውጫሌ ባለው መስመር ነጋዴው፣ ሹፌሩ፣ ወታደሩና ከደጋ የመጣው ሠራተኛ ተቀላቅሎ ይኖራል። ደገኛው ቆቅና ጅግራ መብላት ያውቃል። በሙስሊሙም ዘንድ ብስሚላህ ተብሎበት የተያዘ ጅግራ ሐላል ነው፤ የሚከለክል ሃይማኖት የለም። የዶሮ ዋጋ በናረ ቁጥር የጅግራ ተፈላጊነት ይጨምራል። በገጠር መንገድ ዳር እግሯ የታሰረ ጅግራ አንጠልጥሎ መኪና የሚያስቆም ልጅ የሚጠብቀው ገዢ ስላለ ነው።

ከሥጋው ይልቅ የሚጎዳት ግን የእንቁላሉ ጉዳይ ይመስለኛል። ልጆች ጎጆዋን ሲያገኙ እንቁላሉን ሰብስበው ለቤት ዶሮ ያስታቅፋሉ፤ ወይም ቀቅለው ይበላሉ። በዶሮ ሥር የተፈለፈለች ጅግራ ብዙ ጊዜ ስታድግ ወደ ዱር ትሸሻለች፤ እናቷ ያላስተማረቻት ናትና ዕድሜዋ አጭር ነው። አሜሪካኖቹ በብዙ ገንዘብ የተማሩት ይህንኑ ነበር። ልጆቹን አልወቅስም። የራበው ልጅ ያገኘውን ይበላል። ትልልቆቹ ግን በመኪና መጥተው፣ እራት የሚጠብቃቸው ቤት እያላቸው፣ በጉ ዝናብ መሀል ጥንድ ጅግራ ላይ ሲተኩሱ ምንም ምክንያት የላቸውም።

ገበሬውም ቅሬታ አለው። በጅግጅጋ ሜዳ ማሽላ፣ በቆሎና ስንዴ ይዘራል፤ ጅግራ አዲስ የተዘራ ማሳ ገብታ ዘሩን ጭራ ትበላለች። ቅሬታው እውነት ነው። ሆኖም ያው ወፍ በማሳው ላይ ፌንጣና ምስጥ ስትለቅም ትውላለች፤ የአረም ፍሬም ትበላለች። ዘር በተዘራባቸው ጥቂት ቀናት ልጅ አቁሞ ማባረር ይበቃል። መርዝ ያሸ እህል መበተን ግን ከጅግራዋ አልፎ እርግቡን፣ ውሻውንና ጥንብ አንሣውን ይገድላል፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ለራሱ ልጆችም ሊፈራ ይገባል።

አሁን ወደ ግራሩ ልመለስ። ከሶማሊያ ጦርነት የሸሹ ሰዎች በአካባቢው መጠለያ ካገኙ ቆይተዋል፤ የቀብሪበያህ ጣቢያ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1991፣ የአውበሬው በ2007፣ የሸደሩ በ2008 ነው። በሺዎች የሚቆጠር ቤተሰብ በየቀኑ ምድጃ ያነድዳል፤ ማገዶው የሚመጣው ከዚያው ከግራሩ ነው። እንግዳን መቀበል የሶማሌ ወግ ነው፤ ስደተኛውም ጥሬ ሊበላ አይችልም፤ ጥፋቱን በማንም ላይ አላኖርም። መፍትሔ ሲሞከርም ታይቷል። ጋያ የተባለው አገር በቀል ማኅበር ከስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት በሚገኝ ኤታኖል የሚሠራ ምድጃ በቀብሪበያህ ለስደተኞች አከፋፍሎ እ.ኤ.አ. በ2008 የአሽደን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቶበታል። ያ ምድጃ ሴቶችን ከጭስና በጫካ ከሚያጋጥማቸው አደጋ ለማዳን የታሰበ ነበር፤ ለጅግራዋም ማደሪያዋን ያቆይላታል። እንዲህ ዓይነቱ ሥራ በነዳጅ እጥረትና በገንዘብ መቋረጥ መቆራረጥ የለበትም። ያልተቆረጠ እያንዳንዱ ግራር የአንድ መንጋ ማደሪያ ነው።

ሕግ አለን። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፤ ደንብ ቁጥር 163/2000 ዝርዝሩን ያስቀምጣል፤ በአዋጅ ቁጥር 575/2000 የተቋቋመው ባለሥልጣንም አስፈጻሚ ነው። ነገር ግን የሕጉ ዓይን በዋናነት ያረፈው በዝሆኑ ጥርስ፣ በአንበሳው ቆዳና በውጭ አገር አዳኙ ዶላር ላይ ነው። ከሐረር ጅግጅጋ ከሚወስደው መንገድ በስተ ደቡብ ያለው የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ጠባቂ አለው፤ የሸደር ጅግራ ግን የሚጠይቅላት የለም። ቆቅ ወዲያ ምዝግዝግ ወዲህ ይሉታል እንዲህ ያለውን። ከአዲስ አበባ የወጣ አዋጅ ወንጭፍ የያዘው ልጅ ዘንድ የሚደርሰው በፖሊስ አይደለም፤ አባቱ ሲነግረው ነው።

አባቱን የሚያሳምን መንገድም በአገሩ ባህል ውስጥ ሞልቷል። የሶማሌ ሽማግሌዎች በሔር፣ ማለትም በባህላዊ ሕግ፣ የሚተዳደር ሥርዓት አላቸው። ግጦሽ ሲጎዳ ሽማግሌዎች ተሰብስበው አንዱን ሜዳ ሴሬ ይሉታል፤ ሣሩ እስኪያገግም ድረስ ማንም ከብቱን አያስገባም፤ የጣሰ ይቀጣል። ለሣር የተሠራውን ለሣሩ ወፍ ማድረግ የሚከብድ አይመስለኝም። ከጉ ዝናብ መጀመሪያ እስከ ካረን ዝናብ ማብቂያ፣ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ መስከረም፣ ዲጊራን ሴሬ ናት ቢባል ማንም የሚያጣው ነገር የለም። ከዚያ በኋላ ፈቃድ ያለው ሰው፣ ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ጫጩቶቹ አድገው መንጋው ሲሰበሰብ ያድን። ያኔም ቢሆን ቢርካ ዳር አድብቶ የጠማትን ወፍ መግደል ነውር መሆን አለበት፤ ጅላል ላይ ውኃ ዘንድ የመጣን ሰው ቀርቶ የጠላትን ግመል እንኳ ማባረር በዚህ አገር አይወደድም።

የሸደር፣ የአውበሬና የጅግጅጋ ኡጋዞች (የጎሳ መሪዎች)፣ ሽማግሌዎችና ዑለማዎች ይህን ለመወሰን የማንንም በጀት አያስፈልጋቸውም። መምህራን ለተማሪዎቻቸው፣ ኢማሞች ከጁምዓ በኋላ ለምእመናን ሊናገሩት ይችላሉ። የክልሉ መንግሥት ደግሞ ወፎቹን አንድ ጊዜ እንኳ ያስቆጥር፤ ያልተቆጠረ ነገር ጠፍቶ እንኳ አይታወቅም። አንተም አንቺም አንባቢዬ በዚህ መንገድ ስታልፉ፣ በሚያዝያም ሆነ በግንቦት፣ እግሯ የታሰረ ጅግራ ወደ መኪናችሁ መስኮት ቢቀርብላችሁ እባካችሁ አትግዙ።